ሙዚቃው የማን ነበር?

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አጎቴ ለባይዛክ፣

ነፍስም ከብትም ደኅና ከረመ? ከብት እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ ግን ያለዚህ ሰላምታ ብጀምር ከተማ በላው ይሉኛል። እናቴ ራውሻን እንደምን ናት? ካራጋንዳ ብርዱ ገባ? እኔ አላህ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከወገቤ በታች ያለውን ግን አይጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት የበረዶ ሸርተቴ ልምምድ ላይ አየር ላይ አራት ዙር ልዞር ዘልዬ በዳሌዬ ወረድኩ። ተነሥቼ ብደግመው በዚያው በዳሌዬ ወረድኩ። ቀጥሎ አገጬ በረዶውን መታውና ምላሴን ነከስኩት። ደሙ ሜዳው ላይ ሲንጠባጠብ አሠልጣኛችን ቫዲም አርካዲየቪች «ሜዳዬን አታቆሽሽ!» ብሎ የሸርተቴ ጫማ ስለት በሚለብሰው ማልበሻ ጀርባዬን ገረፈኝ። ፕላስቲክ ነው፤ ቢሆንም ይጋረፋል።

ግሌብ ዳር ቆሞ ይስቃል። ያ እርስዎ ከእኔ እኩል መቆም ያስተማሩት፣ እናቴ ሾርባ እያጠጣች ያሳደገችው ግሌብ። አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ሰኞ ዕለት በአልጋዎቻችን መካከል ያለውን ወንበር አንሥቶ ወረወረብኝ። ጫማዬ ውስጥ ጨው ጨምረሃል አልኩት፤ እሱ ደግሞ የጫማዬን ማሰሪያ ቆርጠሃል አለኝ። እኔ ቅንድቤን ተሰፋሁ፣ እሱ ጣቱ ወለቀ። «አንተ ፊተ ጠፍጣፋ፣ ዓለም ውድድር ላይ በረዶ ስትጠርግ አይሃለሁ!» ይለኛል። «አንተ የከሰል አይጥ፣ ሻንጣዬን ተሸክመህ ትከተለኛለህ!» እለዋለሁ። ድሮ ይኼ ቀልድ ነበር።

ለካዛኪስታን የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ አልማቲ አንደኛ የወጣው በመጋቢት ወደ ዓለም ውድድር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያያል። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ጉልበቴ ግን አርጅቷል። ይህ ካለፈኝ ሌላ የለኝም። ከሰባቱ ዳኞች አንዱ እርስዎ እንደሆኑ ደግሞ ሰማሁ።

የበግ ላት ይላኩልኝ፣ ዳሌዬን ላሽበት። የፈረስ ቋሊማም ካለ አይጥሉኝ። ለግሌብም ብለው እንዳይልኩ። ደግሞም አይርሱ፤ በባህላችን የእህት ልጅ በዕድሜው ከእናቱ ወንድም ሦስት ነገር ይጠይቃል፣ አጎትም እምቢ ማለት አይችልም። ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ አንዷ ቀርታለች።

የእህትዎ ልጅ ኤልዶስ

*

ካራጋንዳ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1994

ልጄ ኤልዶስ፣

ደብዳቤህ በደኅና ገባ፤ አንተም በደኅና ግባ። ላቱን ባቡር ላይ በምትሠራው ጎረቤታችን እጅ ልኬዋለሁ። ቋሊማው ሁለት ነው፤ አንዱ የግሌብ ነው። የጠቀለለችው እናትህ ናት፤ ከፈለግህ ከእሷ ጋር ተጣላ።

እኛ አለን። የከተማው ማሞቂያ ተዘግቷል፤ ከሰል ጉድጓዶቹም ግማሹ ቆመዋል። ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የሚተኛው። ለበረዶ ሜዳችን ግን ተመስገን ነው። ማቀዝቀዣው ከሞተ ቆየ፤ እኔ በባልዲ ውሃ እያፈሰስኩ ብርዱ ያረጋልኛል።

ሁለቱን ጥያቄዎችህን መች ረሳሁ። በሰባት ዓመትህ የጀርመን ስለቶቼን ጠየቅህ፤ ከጫማዬ ፈትቼ ሰጠሁህ። ከእግርህ በእጥፍ ይረዝሙ ስለነበር እስክታድግ ትራስህ ሥር አስተኛሃቸው። በአሥራ አራትህ ፒተርስበርግ ላከኝ አልክ፤ እናትህ ዐይኔን ልትቧጥጠው ደርሳ ነበር፤ ቢሆንም ላክሁህ። ሦስተኛዋን ለትልቅ ነገር አቆያት፤ ለሚስት ትሁን ወይ ለልጅ። ለዳኝነት ግን አትሆንም። አገሩ ሰፊ፣ ዳኛው ጥቂት ሆነ እንጂ እኔም ያ ወንበር ባልደረሰኝ ደስ ባለኝ።

ቫዲም መታኝ አልክ። እኔ እጄን አንሥቼብህ አላውቅም። ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። የእህቱን ልጅ የመታ አጎት ዕድሜ ልኩን እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ አሮጊቶቻችን። እጁ የሚንቀጠቀጥ ዳኛ ደግሞ አራቱን ዘጠኝ አድርጎ ይጽፋል። እንግዲህ ስቀህ እለፈው።

ከግሌብ ጋር የያዛችሁት ግን አልጣመኝም። እኔም በጉብዝናዬ ተደባድቤያለሁ፤ የፊት ጥርሴ የራሴ አይደለም። ግን ከሜዳው ውጪ ነበር። በረዶው ላይ ሁላችሁም እግራችሁ ላይ ቢላ አስራችሁ ነው የምትበርሩት።

መንገድህ ነጭ ይሁን።

ባይዛክ

*

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኅዳር 16 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው በሆዴ ተኝቼ ነው። ግሌብ ቆረጠኝ።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሜዳው ማዕዘን አካባቢ ቆሜ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ጥይት መጣና ለዝላይ ሲነሣ የእግሩ ስለት ጭኔን ሰነጠቀው። መጀመሪያ አላመመኝም። ሱሪዬ ተከፈተ፤ ከሱሪዬ ሥር ሥጋዬ ተከፈተ፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ አየሁት፤ ከዚያ በደም ተሞላ። ቫዲም ቀበቶውን ፈትቶ ጭኔን አሠረልኝ። ግሌብ ደሜ ላይ ተንበርክኮ «ምን ነክቶህ ነው? አንተ፣ ምን ነክቶህ ነው?» ይላል። አፉን በቡጢ አልኩት። ሁለት ጥርሶቹ በረዶው ላይ ተንከባለሉ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ሴትዮ በመጥረጊያ ሰበሰበቻቸው።

ስፌቱ ከጉልበቴ በላይ እስከ ዳሌዬ ይደርሳል። ሐኪሙ እስከ ጥር በረዶ አትረግጥም አለኝ። እረግጣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም አልረሳም።

እንግዲህ ሦስተኛዋን መብቴን ጠየቅሁ። አልማቲ ላይ አንደኛ ያድርጉኝ። ፍርድ ነው የምለምነው እንጂ አድልዎ አይደለም። ተሰፍቶ የሚዘል ሰው ሙሉ አካል ይዞ ከሚዘል ይበልጣል። ዳኛ ይህን ካላየ ምን ሊያይ ተቀመጠ?

መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።

ኤልዶስ

*

ካራጋንዳ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1994

ኤልዶስ፣

አላህ ይማርህ። ላቱን ቁስሉ ላይ እንዳታደርገው፣ ያመረቅዛል። ለእናትህ ወድቆ ነው ብያታለሁ።

መልስ ያዘገየሁት ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚመጣ ሰው ማጅራቱ ላይ ዐይን ካልበቀለለት እንዴት አነጣጥሮ ይመታል? ሁለታችሁም ገና መቆም ሳትችሉ መጀመሪያ ያስተማርኳችሁ ነገር መዝለል አልነበረም። ሙዚቃው እየተጫወተለት ያለ ሰው ሜዳው የሱ ነው፤ ሌላው ይሸሽለታል። ካራጋንዳም ቢሆን ፒተርስበርግም ቢሆን ይኼ ነው ሕጉ።

ያን ሰዓት የሚጫወተው ሙዚቃ የማን ነበር?

ባይዛክ

*

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1994

ባይዛክ፣

አጎቴ ያላልኩህ ረስቼ አይደለም። እኔ ደሜን አሳየሁህ፤ አንተ ሙዚቃ ጠየቅከኝ።

ስፌቱን በመቀስ ራሴ አወጣሁት። ትናንት ስዘል አፉን ከፈተ፤ በፋሻ ጠፍንጌ ደግሜ ዘለልኩ። ደም የሞላው ጫማ ሲረገጥ እንዴት እንደሚንቦጫረቅ ታውቃለህ? አንተ እኮ ሞቅ ባለ ካፖርት ተቀምጠህ ነው ቁጥር የምትጽፈው።

ዳኞች የሚሠሩትን የማላውቅ መሰለህ? ይኸኛው የዚያን ልጅ ነጥብ ያነሣለታል፤ ያኛው ደግሞ የዚህን። ሜዳው ለውድድር ሳይረጥብ ሁሉም በየእራት ጠረጴዛው አልቋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ አንተ ብቻ ጻድቅ ልትሆን ነው? የሌላው ሁሉ ዳኛ ዘመድ ይሆንለታል፣ የኔ ዘመድ ዳኛ ይሆንብኛል! ወይስ የግሌብ አባት ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ስለቀረ ነው? የኔም አባት ጥሎን ሄዷል። ለሱ ስንት ነጥብ ትሰጣለህ?

ግሌብ ክፍል ቀይሯል። ትራሱ ሥር መዶሻ አድርጎ ይተኛል አሉ። ደግ አደረገ።

ሰኞ ባቡር እሳፈራለሁ። የእህቱን ልጅ ሦስተኛ ጥያቄ እምቢ ያለ አጎት ቤቱ ይፈርሳል ይላሉ፤ ያሉትም እነዚያው አሮጊቶችህ ናቸው። እስቲ ይህንንም ስቀህ እለፈው።

ኤልዶስ

*

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ጥር 11 ቀን 1995

ለተከበሩ አጎቴ ለባይዛክ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። እኔ ደኅና ነኝ።

ከአልማቲ ከተመለስኩ ወዲህ ከቫዲም ጋር ብዙ አልተነጋገርንም። ግሌብ ለመጋቢት ይዘጋጃል፤ እኔ ሁሉም ሲወጡ እገባለሁ። ስለ ኮሪደሩ የሚያውቅ ሰው ከሦስታችን በቀር የለም። ግሌብ እስካሁን ትንፍሽ አላለም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንደኝነቱን ካልሰጡኝ ሦስተኛዋ ጥያቄዬ ዝምታዎ ትሁን። እጅዎን ያየ ሰው ቢጠይቅዎ በር ተዘጋበት ይበሉ። ነገሩ ከተሰማ ዕድሜ ልኬን በረዶ አልረግጥም። ከሁሉ በላይ እናቴ እንዳትሰማ።

እጅዎ ግን እንዴት ነው?

የእህትዎ ልጅ ኤልዶስ

*

ካራጋንዳ፣ የካቲት 3 ቀን 1995

ኤልዶስ፣

ይህ የእጅ ጽሕፈት የማን እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ እናገራለሁ፣ እናትህ ትጽፋለች። ደብዳቤህ ሲመጣ ፖስታ የምከፍትበት እጅ አልነበረኝም፤ እሷ ከፈተችው፣ እሷ አነበበችልኝ። «እናቴ እንዳትሰማ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ማንበቧን ቀጠለች። እኔ አልነገርኩብህም፤ የነገርካት አንተው ነህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አሁን ሁሉንም ልበለው፤ እየጻፈች ትስማው።

አልማቲ ላይ አንተ ስትገባ ገና ከሁለተኛው ዝላይ ነጩ ሱሪህ ላይ ደም ወረደ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዳኛ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ነጥቡን ሰቀለችው። እኔም አልቅሻለሁ፣ ኤልዶስ። ልቤ ነው የተቀደደው። ግን ሁለት ጊዜ በሁለት እግርህ አረፍክ፤ አንድ ጊዜ በእጅህ በረዶውን ነካህ፤ አራት ዙር ያልከውን በሦስት ተውከው። ግሌብ የጎደለ ጥርሱን ደብቆ አፉን ገጥሞ ገባ፤ ሁሉንም በአንድ እግሩ አረፈ። ደም ነጥብ የለውም። እንዲኖረው ያደረግን ቀን ልጆቻችን ለነጥብ ሲሉ ራሳቸውን ይቆርጣሉ። የሌሎቹ ዳኞች ድምፅ ሲቆጠር ሦስት ለሦስት ሆነ። ወደ ግሌብ የደፋችው የኔ ድምፅ ናት።

ከዚያ ኮሪደሩ። ግሌብ አግዳሚው ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ይፈታል። አንተ አንድ ጫማህን ስለቱን ወደ ታች አድርገህ ጨብጠህ ከበሩ ወጣህ። አንተ የሱን ጉልበት ታያለህ፤ እኔ ያንተን ዐይን አያለሁ። ተኩላ በግ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዐይን ግን አላየሁም። እንዴት ዘልዬ እንደደረስኩ አላውቅም። ስለቱ መዳፌን አልፎ አጥንት ላይ ቆመ። የኔው የጀርመን ስለት። እንዲያ አድርጌ የሳልኩት እኔ ነኝ።

በዚያው በደማው እጄ በጥፊ መታሁህ። ደሜ ፊትህ ላይ እንዳለ ሮጥክ። ግሌብ ሸሚዙን ቀድዶ እጄን አሰረ፤ ደግፎም ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ምን ሆነ ሲል «በር ነው» ያለው እሱ ነው። ውሸቱን እንኳ ካንተ ቀድሞ ዋሸልህ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ አይዝም፣ ባልዲ አያነሣም፣ እስክሪብቶ ሲይዝማ አይነሣ። ሐኪሙ ጅማት ተቆርጧል ይላል፤ አሮጊቶቹ የእህቱን ልጅ መትቶ ነው ይላሉ። ከማንኛቸውም ጋር አልከራከርም። ዳኝነቱን ትቻለሁ።

ሦስተኛዋን መብትህን በተመለከተ፤ የእህት ልጅ የሚጠይቀው የአጎቱን ነው። ካፖርቴን ብትል፣ ቤቴን ብትል ያንተ ነው። አንደኝነቱ ግን የኔ አልነበረም፤ በደንብ የዘለለው ሰው ነበር። ዝምታውም የኔ ብቻ አይደለም፤ የግሌብ ጉልበት አለበት። ስለዚህ አንዳቸውም አልተቆጠሩብህም። መብትህ እንዳለች አለች፤ የኔም ጥያቄ እንዳለች አለች።

ባይዛክ

ከዚህ በታች የኔ የእናትህ ነው። አጎትህ ጩኺ ይውጣልሽ አለኝ፤ አልጮህኩም። ላንተ ድል ያደለብኩትን በግ ትናንት አረድኩት። ግሌብ ከዓለም ውድድሩ በፊት ሊሰናበተን ከፒተርስበርግ መጥቶ ነበር፤ የበጉን ጭንቅላት ለሱ አቀረብኩ፣ እንደ ትልቅ እንግዳ። በላ፤ እየበላም አለቀሰ። ስላንተ ክፉ ቃል አልወጣውም። ከኔ ግን ወጥቷል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጡቴን የጠባህ ከሆንክ አጎትህ ለጠየቀህ መልስ ስጥ።

ራውሻን

*

ሴንት ፒተርስበርግ፣ የካቲት 21 ቀን 1995

ለተከበሩ አጎቴና ለእናቴ፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሙዚቃው የግሌብ ነበር።

ለትልቁ ዝላይ የሚነሣበትን ቦታ እንደ ገዛ አልጋዬ አውቀዋለሁ። ሄጄ እዚያ ቆምኩ። በመጨረሻው ቅጽበት ሲያየኝ እንዲደነግጥ፣ ዝላዩን እንዲተው፣ ቫዲም ፊት ፈሪ እንዲባል ብዬ ነው። አላየኝም። «ምን ነክቶህ ነው?» ሲለኝ አፉን የመታሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሸቴን ራሴ አመንኩት። ደሙ እውነተኛ ስለነበር ነገሩም እውነት መሰለኝ።

ትናንት ሁሉም ባሉበት ሜዳ ላይ ተናገርኩ፤ የጭኔንም፣ የኮሪደሩንም። ቫዲም የስለት ማልበሻውን አንሥቶ ትከሻዬን፣ ጆሮዬን፣ ያገኘውን ሁሉ ወቀጠኝ። ቆሜ ተቀበልኩ። ማልበሻው ሲሰበር ጡጫውን ቀጠለ። እጁን የያዘው ግሌብ ነው። «ይበቃዋል፣ ለአጎቱ አስተርፍለት» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረና «አሁን ውጣ ከሜዳው፤ ሙዚቃዬ ሊጀምር ነው» አለኝ። ወጣሁለት። ዳር ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁት። አራት ዙሩን አረፈው፣ አጎቴ። ቆንጆ ነበር፤ ጠልቼው እንኳ ቆንጆ ነበር።

ከቡድኑ አስወጥተውኛል፤ ማደሪያውንም እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅ ተብያለሁ።

ሦስተኛዋን መብቴን አሁን እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም የእርስዎን ብቻ ነው። የዚህን ደብዳቤ መልስ በእናቴ እጅ አያስጽፉ። በራስዎ ቀኝ እጅ ይጻፉልኝ። ቢንቀጠቀጥም፣ ቢጣመምም፣ አንዲት ቃል ብትሆንም። ያደረግሁትን ባይኔ ማንበብ አለብኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር፣ እሱንም በዚያው ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ ኤልዶስ

*

ካራጋንዳ፣ መጋቢት 16 ቀን 1995

ኤልዶስ፣

ሦስቱም አለቁ። ከእንግዲህ ከኔ የምትወስደው የለም።

ሜዳው ላይ ውሃ የሚያፈስ እጅ ጎድሎኛል። ና።

ባይዛክ